አባቴ ከዓባይ በረሃ ያመጣት ድንጋይ ከየትኛው የአለት ሽፋን ናት?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቃችሁ ስለ አንዲት ድንጋይ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው ይዞ በጎጃም መስመር ብዙ ዓመት ተመላልሷል። በ1979 ዓ.ም. አንድ ቀን ከመንገድ ሲመለስ ጭብጥ የምትሞላ ድንጋይ ከኪሱ አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ድንጋይዋ ላይ ዛጎል አለ። የተቀረጸ ሥዕል አይደለም፤ ራሱ ዛጎሉ ድንጋይ ሆኖ ነው፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከየት እንዳገኛት ስጠይቀው ከዓባይ በረሃ አለኝ። ሌላ አላለም፣ እኔም ሌላ አልጠየቅኩም።

አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ድንጋይዋ እናቴ ቤት ቡፌ ላይ ናት። ባለፈው ወር ልጄ አንስታ አየቻትና የባሕር እንስሳ እንዴት ዓባይ በረሃ እንደገባ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ በሁለት ነገር ላስቸግራችሁ። ባሕር እዚያ ምን ያደርግ ነበር? ሁለተኛው ለእኔ ይብሳል፤ ድንጋይዋን ብቻ አይቶ አባቴ ከየት ቦታ እንዳነሳት ማወቅ ይቻላል?

በኋላ የጨመርኩት፦ ክሩ 24 መልስ ደርሷል። ገጹ ረዝሞ አዲስ የሚገባ ሰው መጀመሪያውን አያገኘውም እየተባልኩ ስለሆነ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል እዚህ አስቀምጫለሁ። ያሳጠርኩት አለ። ያስቀየመኝንም አልደበቅኩም።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጀመረ። ከዚያ ድንጋይዋን በሁሉም ጎን፣ አጠገቧ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጌ ፎቶ እንዳነሳት ጠየቀኝ። ሳንቲሙ መጠኗን ለማወቅ ነው። አነሳሁ፣ ለጠፍኩ።

መልስ 2

ይህ ሰው ጂኦሎጂ ተምሮ አሁን የጉድጓድ ውኃ ቁፋሮ ላይ የሚሠራ ነው። ቁፋሮ ቦታ ላይ ሆኖ በስልክ ነበር የሚጽፈው። እንደዚያም ሆኖ ከሁሉም የረዘመውን የጻፈው እሱ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ተነስተን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ በመስኮት የሚታየውን በተራ ዘረዘረልኝ። አናት ላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ባዛልት የሚባለው ነው፣ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ። ከእሱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ቀጥሎ ነጣ ቢጫ የሚለው ገደል፣ የኖራ ድንጋይ። ከኖራው ሥር ጀሶ፣ ከስስ የጭቃ አለት ጋር እየተፈራረቀ። ታች ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ። ከዚያ ወደ ደጀን ስንወጣ ያንኑ በተቃራኒው እናገኘዋለን። መንገዱ ከጫፍ ጫፍ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ገደሉ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል።

ቅደም ተከተሉን በመሶብ አስረዳኝ። መሶብ ውስጥ ከታች ያለው እንጀራ መጀመሪያ የተጋገረው ነው። አለትም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ወደ ድልድዩ የሚወርድ ሰው ወደ ኋላ ዘመን ይወርዳል። ወደ ደጀን የሚወጣ ደግሞ ወደኛ ዘመን ይመጣል።

ታሪኩ ከታች ሲነበብ እንዲህ ነው። ቀዩ አሸዋ ሲከማች አገሩ የብስ ነበር፤ አሸዋውን ወንዞች ያመጡት ነበር። ከዚያ ባሕር በኦጋዴን በኩል ከደቡብ ምሥራቅ ገፍቶ መጣ። መጀመሪያ ጥልቀት አልነበረውም። ውኃው እየተነነ ጨውና ጀሶ ጥሎ ይሄድ፣ እንደገና ይመጣ ነበር። በኋላ ሞቃት፣ ንጹሕ ባሕር ሆኖ ተረጋጋ። ኮራል በቀለ፣ ዛጎል ያላቸው እንስሳት ኖሩበት፤ ሲሞቱ ዛጎላቸው ወለሉ ላይ ተከማችቶ ኖራ ድንጋይ ሆነ። ይህ የሆነው ከ150 እስከ 160 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። መቀሌ ዙሪያ ያለውም የኖራ ድንጋይ ያው ነው። ባለሙያዎች ስሙን የሰጡት ከዚያው ከትግራይ ነው፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይሉታል። ታችኛውን ደግሞ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ።

በመጨረሻ ባሕሩ በመጣበት ሸሸ። ወንዞች ተመልሰው አሸዋ አለበሱት። ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲቀር ምድሪቱ ተሰነጠቀችና ቀልጦ የወጣው አለት ሁሉንም ሸፈነ። አብዛኛው የፈሰሰው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አገሩ ከፍ ከፍ አለ፣ ዓባይ ደግሞ ቆረጠው። ባሕር ወደ ተራራ አልወጣም፤ የባሕሩ ወለል ነው ከፍታ የሆነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመረ፣ እሱ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። በላይኛው አሸዋና በጥቁሩ ድንጋይ መካከል በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ጎድሏል። በዚያ ሁሉ ዘመን የተከማቸ ካለም ታጥቦ ሄዷል። በዓይን የሚታየው አንድ መስመር ብቻ ነው። ከመጽሐፍ ላይ ብዙ ቅጠል ተቀዶ እንደመውጣት ነው።

መልስ 3

የደጀን ልጅ ነኝ ያለች ሴት ጻፈች። ልጆች ሆነው ከብት ሲጠብቁ እንዲህ ዓይነቱን ድንጋይ ያገኙ እንደነበር፣ ክብ ክቡን እየመረጡ ቅልብልቦሽ ይጫወቱበት እንደነበር ነገረችን። ዛጎል መሆኑን አሁን ነው ያወቀችው። ምን ያህሉን ገደል እንደወረወሩት ስታስብ አዝናለች።

መልስ 4

አንድ ወንድም በጨዋነት፣ ይህ የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ ምልክት እንደሆነ ጻፈ። ውኃው ተራሮችን ሁሉ ከሸፈነ ዛጎል ከፍታ ላይ ቢገኝ የሚያስገርም እንዳልሆነና ልጄም ይህን ብትሰማ ጥሩ እንደሆነ መከረኝ።

መልስ 5

ይሄኛው ክሩን አበላሸው። መልስ 4ን በስድብ ነበር የመለሰው። እምነት ያለውን ሰው ሁሉ ደንቆሮ አድርጎ ጻፈ። አስተባባሪው ግማሹን ሰርዞታል። እኔ የተሰረዘውን አንብቤው ነበርና ደስ አላለኝም። አባቴ ገደሉን ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ አማትቦ የሚወርድ ሰው ነበር።

መልስ 6

የጉድጓድ ውኃው ሰው ተመለሰ። ለ5 ምንም አላለም፤ ለ4 ብቻ በአክብሮት መለሰ። እምነቱን አልነካም። ጀሶውን እንዲያስብ ብቻ ጠየቀው። ጀሶ የሚፈጠረው የባሕር ውኃ ሲተን ነው፤ ድስት ላይ የጨው ውኃ ፈልቶ ሲያልቅ የሚቀረውን ዓይነት ነገር ነው። በዓባይ በረሃ ጀሶውና የጭቃው አለት እየተፈራረቁ ብዙ ጊዜ ይደጋገማሉ። አገር የሚሸፍን አንድ ጎርፍ እየደረቀ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየደረቀ ያን ሁሉ ሊጥል አይችልም። ኮራሉም ለማደግ ረጅም የተረጋጋ ጊዜ ይፈልጋል። ጎርፍ ደግሞ ሁሉን ደባልቆ ይጥላል እንጂ አሸዋውን ለብቻ፣ ጀሶውን ለብቻ፣ ኖራውን ለብቻ አይደረድርም።

መልስ 7

ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው መሆኑን ገልጾ አጭር ጻፈ። ድንጋዩን ያነበበ ሰው ሃይማኖቱን ይጥላል ብሎ እንደማያምን፣ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጀሶ ሊያስተምረን እንዳልተጻፈ፣ በስድብ የሚመጣ እውቀት ግን ማንንም እንደማያሳምን አስረዳ። 4ም አመሰገነው። ስለ ጀሶው እንደሚያስብበትና ሐሳቡን ግን ገና እንዳልለወጠ ጻፈ። እንደዚህ መነጋገር ሲቻል ደስ ይለኛል።

መልስ 8

የመንገድ ሥራ መሐንዲስ የሆነች ሴት መሶቡን አረመች። ከታች ያለ ሁሉ አሮጌ ነው ብሎ መደምደም ያሳስታል አለች። ድልድዩ ሥር ያለውን የወንዝ ጠጠርና አሸዋ ተመልከቱ። ቦታው ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው፤ ዕድሜው ግን ከሁሉም ትንሹ ነው፣ ዓባይ ያመጣው በቅርቡ ነውና። ዝቅ ብሎ መገኘትና ከሽፋኑ ሥር መሆን ይለያያሉ።

ሁለተኛ ደግሞ አፋርን አነሳች። እዚያ ምድሪቱ እየተለያየች ስለሆነ ንብርብሩ በስንጥቅ ተቆርጦ ግማሹ ወርዷል። የመሶቡን እንጀራ በቢላ መሐል ለመሐል ቆርጦ አንዱን ወገን ወደ ታች እንደማንሸራተት ነው። አጠገብ ለአጠገብ የሚታዩት አንድ ዘመን ላይሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ነው ባለሙያ መጀመሪያ ስንጥቁን የሚፈልገው። የጉድጓድ ውኃው ሰው እርማቱን ወዲያው ተቀበለ። ያን ቀን ሁለቱ እዚያው ክሩ ላይ ስለ አፈር መንሸራተት ብዙ ተጨዋወቱ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን መንገዱ ለምን እየተሰነጠቀ እንደሚያስቸግር ላላስተዋለ ሰው ይጠቅማል፣ ግን ከርዕሳችን ስለወጣ ዘልዬዋለሁ።

መልስ 9

አንዱ ድንጋይዋ ስንት እንደምታወጣ ጠየቀ። ገዢ እንዳለው ጻፈ። አልመለስኩለትም።

መልስ 10

ይሄ ከበድ ያለ ነበር። ቅሪተ አካል የሀገር ሀብት እንደሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደተጠበቀ፣ አባቴም ቅርስ ከቦታው ያነሳ ሰው እንደሆነ ጻፈልኝ። ድንጋይዋን ቡፌ ላይ አድርጎ ማሳየት ነውር ነው አለ። ሌባ የሚለውን ቃል ተጠቅሟል።

መልስ 11

የደጀኗ ልጅ ተቆጥታ መለሰችለት። በ1979 ዓ.ም. አንድ ሹፌር ከመንገድ ዳር ለልጁ ጠጠር ቢያነሳ ምን አዋጅ ያውቃል፣ እዚያው ገደል ውስጥ ስንት መኪና ኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ ሲጫን ማን ተናግሯል ብላ ጠየቀች። 10 ደግሞ እልህ ተጋባ። አስተባባሪው ሁለቱንም አሳሰበ።

መልስ 12

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለ10 ስለ ሕጉ ልክ ነው አልኩት። ዛሬ ማንም እንዲያነሳ አልመክርም፤ ይህን የሚያነብ ሰው ዓባይ በረሃ ሄዶ ዛጎል ቢያይ ፎቶ አንስቶ፣ ቦታውን ጽፎ፣ እንዳለ ይተወው። ድንጋይዋንም አራት ኪሎ ለሚያስተምሩ የጂኦሎጂ ሰዎች አሳያለሁ፣ ትቀመጥ ካሉኝ እሰጣለሁ። አባቴን ግን ሌባ ብሎ የጠራውን ቃል እንዲያነሳ ጠየቅኩት። ከሁለት ቀን በኋላ አነሳው። ይቅርታም ጠየቀ። እኔም እንደጠየቀ እዚህ መጻፍ ስላለብኝ ጻፍኩት።

መልስ 13 እና 14

ሎሚ አንጠብጥቢባት የሚል መጣ። ኖራ ድንጋይ አሲድ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ የአሸዋ ድንጋይም ባዛልትም በተፈጥሯቸው እንዲህ አያደርጉም። ዛጎሉ ላይ እንዳይሆን፣ ከጀርባዋ ጥግ ላይ ትንሽ ቧጨር አድርጌ አንድ ጠብታ እንድጨምር አስጠነቀቀኝ። እናቴና ልጄ አጠገቤ ሆነው ሞከርነው። ጆሮ ሲያስጠጉት ሺሺሺ የሚል ድምፅ አለው፤ ጥቃቅን አረፋም ወጣ። ልጄ ሦስቴ አስደገመችኝ። 14 ላይ ይህን ለጠፍኩ፤ ስለዚህ ከኖራው ሽፋን ናት ማለት ነው።

መልስ 15

የጉድጓድ ውኃው ሰው ፎቶዎቹን አይቶ ስለ ዛጎሉ ጻፈ። ሁለት ክዳን ያላቸው የባሕር እንስሳት ከሁለት ወገን ናቸው። የአንደኛው ወገን ሁለቱ ክዳኖች እንደ መዳፍና መዳፍ ይመሳሰላሉ፣ አንዱን ክዳን ለብቻው ብናይ ግን ግራና ቀኙ አይመጣጠንም። የሌላኛው ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱ ክዳኖች አይመሳሰሉም፣ እያንዳንዱ ግን መሐሉ ላይ መስመር ቢሰመር ግራና ቀኙ እኩል ነው። ይህኛው ብራኪዮፖድ ይባላል። የእኔዋ ብራኪዮፖድ ናት። ዛሬ በዓለም ባሕሮች ጥቂት ናቸው፣ በዚያ ዘመን ግን ብዙ ነበሩ። በዓባይ የኖራ ድንጋይ ውስጥ በብዛት ከሚገኙት አንዷ ናት።

መልስ 16

አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሚሊዮን ዓመት በካርቦን ነው የሚለኩት፣ ካርቦን ደግሞ ይሳሳታል ብሎ ጻፈ።

መልስ 17

መሐንዲሷ መለሰች። ካርቦን የሚያገለግለው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ላለ ነገር ነው። ለዛጎሌ አይሞከርም። ለአሮጌው የሚሠራው በፖታሲየምና በአርጎን ነው። በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ያለ አንድ የፖታሲየም ዓይነት በጣም በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። አለቱ ቀልጦ እያለ ጋዙ ያመልጣል። ሲረጋ ግን መውጫ ያጣል። ስለዚህ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው አለቱ ከረጋበት ቀን ነው።

ኖራ ድንጋይ ቀልጦ የረጋ ስላልሆነ በዚህ አይለካም። ዕድሜው የሚታወቀው በውስጡ ባሉት ቅሪተ አካላት ነው፤ ያው ዓይነት እንስሳ በሌላ አገር ዕድሜው በታወቀ ሽፋን ውስጥ ይገኛልና። ይህን ዘዴ ዊልያም ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ቦይ ሲቆፈር እያየ አግኝቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1815 የእንግሊዝን የአለት ካርታ ሠርቶበታል።

ከዚያ ወደ ሐዳር ወሰደችን። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዕድሜዋ ከአጥንቷ አልተለካም። ከእሷ ሥር፣ ጥቂት ብቻ ዝቅ ብሎ የእሳተ ገሞራ አመድ ሽፋን አለ፣ 3.18 ሚሊዮን ዓመት። ከዚያም በታች ሌላ አመድ አለ፣ 3.4 ሚሊዮን ገደማ፤ ሲዲ ሐኮማ ይሉታል። እሷ ከሁለቱም በላይ፣ ለ3.18ቱ አመድ ቀርባ ናት፤ ስለዚህ ዕድሜዋ ከእሱ ትንሽ ያነሰ ሆኖ በግርድፉ 3.2 ሚሊዮን ተባለ። ያ የሲዲ ሐኮማ አመድ ደግሞ ኬንያ ቱርካና ሐይቅ ዳር ካለው አንድ አመድ ጋር በኬሚካል ይዘቱ አንድ ሆኖ ተገኝቷል። እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱ አሻራ አለው። አንድ አመድ በሁለት አገር ወርዷል፤ ያ ማለት ሐዳርና ቱርካና ላይ ከአመዱ ሥር ያሉት ሁለቱም ከዚያች ፍንዳታ በፊት ነበሩ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ቡና ይዤ ነበር፤ ቀዝቅዞ ቀረ።

መልስ 18

16 አልረካም። አሁን በቁጣ ነው የመጣው። የኦሞ ሰው አጽም 195,000 ዓመት ተብሎ ነበር፣ አሁን 233,000 ይላሉ፣ ነገ ሌላ ይላሉ፣ እኛ ደግሞ ለልጆቻችን እንቀበላለን ብሎ ጻፈ። ከዚያ ለመሐንዲሷ ያልተገባ ቃል ጨመረ።

መልስ 19

መሐንዲሷ ቃሉን አለፈችው። መልሷ ግን ጠንካራ ነበር። አጽሙ ኪቢሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘ ነው። በ2005 በአካባቢው ባለ አመድ ተመሥርተው 195,000 አሉ። ከአጽሙ በላይ ያለው ወፍራም አመድ ግን በጣም ደቃቅ ስለነበር ሊለካ አልቻለም። በ2022 የታተመው ጥናት የዚያን አመድ አሻራ ተከትሎ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ሻላ ደረሰ፤ ያ ሐይቁ ያለበት እሳተ ገሞራ ነው። ሻላ አጠገብ የወደቀው ሻካራና የሚለካ ነው። 233,000 ሆነ። አጽሙ ከአመዱ ሥር ስለሆነ ቁጥሩ ቢያንስ ተብሎ ነው የተነገረው። በዚህ ሁሉ ግን አጽሙ ከዚያ አመድ ሥር መሆኑ አንድ ቀን አልተለወጠም። የተሻለ መለኪያ ሲገኝ ቁጥሩን ማስተካከል ማታለል ሳይሆን ሥራው ራሱ እንደሆነ ነገረችው። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። 18 ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 20 እና 21

ከሂውስተን አንድ አባት ጻፈ። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያ ለዕይታ በቀረበችበት ጊዜ ልጁን ይዞ ሄዶ ነበር። ልጁ ትንሽነቷን አይቶ እሷም ልጅ ናት ወይ ብሎ ጠይቆት፣ ትልቅ ሰው መሆኗን ሲነግረው ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ ቆመ። ዛሬ ያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል።

ከእስራኤል ደግሞ አንዲት እህት፣ ምጽፔ ራሞን አጠገብ ባለው ትልቅ ገደል ውስጥ ጥምዝምዝ የባሕር ዛጎሎች የተሞላ ግድግዳ በእግር ጉዞ ላይ ማየቷን ጻፈች። እዚያም በረሃ ነው፣ እዚያም ባሕር ነበር። ከሐበሻ ጓደኞቿ ጋር ሆነው ዓባይን እንዳስታወሱ ጨመረች።

መልስ 22

አንድ ልጅ፣ በአጻጻፉ ተማሪ ይመስለኛል፣ በእኛ አገር ዳይኖሰር ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። የጉድጓድ ውኃው ሰው ደስ ብሎት መለሰ። ከኖራው ሽፋን በላይ፣ ባሕሩ ሲሸሽ የተከማቸ የጭቃ አለት አለ፣ በሙገር ስም ይጠራል። በጀማ ወንዝ በኩል በዚያ አለት ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ከጥቁሩ ድንጋይም በኋላ ያለውን ለሚፈልግ ጎንደር ጭልጋ አለ፤ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዝሆን ዘመዶች ቅሪት የተገኘበት። ልጁ ጭልጋ አጎት እንዳለው ጻፈ።

መልስ 23

ይህን መልስ ነው ስጠብቅ የነበረው፣ እንደምጠብቀው ግን አላውቅም ነበር።

ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው ነው የላኩት። በዚያው መስመር፣ በዚያው ዘመን ሠርተዋል። አባቴን በስም አያውቁትም። ግን የጉድጓድ ውኃው ሰው ከድንጋይዋ ሊያነብ ያልቻለውን እሳቸው ከመኪናው አነበቡት።

ኤንትሬ ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ድልድዩ ድረስ እንደሚሄድ፣ የሚያርፈውም ድልድዩ ጋ እንደሆነ ጻፉ። መንገድ መሐል የሚቆመው ሲወጣ ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይፈላል። ሹፌሩ ዳር ይይዛል፣ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ድንጋይ ፈልጎ ከጎማው ኋላ ታኮ ያደርጋል። ራዲያተሩ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት። ያኔ ሹፌሩ ምን ይሠራል? መንገድ ዳር ይቀመጣል፣ ድንጋይ ያያል። እሳቸውም እንዲህ ዓይነት ዛጎል ብዙ ጊዜ አይተዋል። ነጩ ገደል ሥር መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ ነበር፣ ሁሉም እዚያ ይቆም ነበር።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። አባትሽ ያን ቀን ጭኖ የነበረው ሲሄድ ነው ሲመለስ?

እናቴ ጋ ደወልኩ። ወዲያው ነበር የመለሰችልኝ። ያን ቀን ከጎጃም ጤፍ ጭኖ ነበር የተመለሰው፤ ለቤትም አንድ ኩንታል አምጥቶ ነበር፣ ድንጋይዋንም ከኪሱ ሲያወጣ ጤፍ አብሮ ተበትኖ ምንጣፉን ጠርጋለች። ስለዚህ ጭኖ የወጣው ዳገት ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን ያለው ነው። የደጀን በኩል አይደለም።

መልስ 24

የጉድጓድ ውኃው ሰው ለጋሼ ትልቅ ምስጋና ጽፎ አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ። መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ከላይ ተንከባልሎ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ መንገድ ሲሠራም ከሌላ ቦታ ተጭኖ ሊደፋ ይችላል። ከኖራው ሽፋን መሆኗ እርግጥ ነው። በጎሐ ጽዮን በኩል መሆኑ የሚታመን ነው። ትክክለኛው ቦታ ግን አባቴ ካነሳት በኋላ የሚገኝ አይደለም። ሽፋኗን ለቃለች።

እኔ ትናንት ማታ አንድ ወረቀት ቆርጬ በእርሳስ ጻፍኩበት። ብራኪዮፖድ። የኖራ ድንጋይ። ዓባይ በረሃ፣ ምናልባት በጎሐ ጽዮን በኩል፣ ዳገቱ ላይ። አባቴ ያነሳት፣ 1979 ዓ.ም.፣ ጤፍ ጭኖ ሲመለስ። ልጄ ደግሞ ከሥሩ በሎሚ እንደፈላች ጨመረችበት። ወረቀቱን አጥፌ ከሥሯ አስቀምጬዋለሁ፤ ማክሰኞ አራት ኪሎ ስወስዳት አብሯት ይሄዳል።